ለሴት ልጃችን ስም ቸግሮናል፦ ኢፋ፣ ኒቭ፣ ሲርሻ ወይስ ጽጌ?

ከጎልዌይ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው አየርላንድ፣ ጎልዌይ ነው። ባለቤቴ የዚሁ ሀገር ሰው ነው፤ ያደገው ኮኔማራ፣ አይሪሽ ቋንቋ እስከ ዛሬ ቤት ውስጥ በሚነገርበት መንደር ነው። እግዚአብሔር ከፈቀደ በጥር ወር ሴት ልጅ እንጠብቃለን። አልጋዋ ተገጣጥሟል፣ ልብሷ ታጥቦ ተጣጥፏል፣ የገንፎው ዱቄት ሳይቀር ከአዲስ አበባ ደርሷል። ስሟ ብቻ ነው የጎደለው።

አማቴ ደግ ሴት ናቸው። በድሮው የአየርላንድ ልማድ የመጀመሪያዋ ሴት ልጅ የእናቷን እናት ስም ትወርሳለች፤ ሁለተኛዋ ደግሞ የአባቷን እናት። ስለዚህ «በእናትሽ ስም ጥሪያት፣ ወጉ ነው» አሉኝ። ደስ ብሎኝ ለእናቴ ደወልኩላት። እናቴ ግን «ምነው ልጄ፣ በቁሜ ቀበርሽኝ?» ብላ ደነገጠች። እሷ የምትፈልገው ጽጌ የሚለውን ነው። ሴት መሆኗን የነገርኳት በወርኃ ጽጌ፣ ከቅዳሴ ስትመለስ ስለነበር «ስሟን ይዛ ነው የመጣችው» ትላለች።

ችግሩ፣ ባለቤቴ ጽጌን «ሲጌ» ነው የሚለው። አማቴ ደግሞ «ቲሲጊ»። የእሱ ምርጫዎች እነዚህ ናቸው፦ ኢፋ፣ ኒቭ፣ ኪቫ፣ ሲርሻ፣ ሜቭ። ሲጠሩ እንዴት ያምራሉ! ሲጻፉ ግን ሌላ ነገር ነው። ኪቫ በላቲን ፊደል «ሲ፣ ኤ፣ ኦ፣ አይ፣ ኤም፣ ኤች፣ ኢ» ተብሎ ነው የሚጻፈው። ከነዚህ ሰባት ፊደላት ውስጥ ‹ቭ›ን ፈልጋችሁ አታገኟትም። ነገ ልጄ አዲስ አበባ ስትገባ ፓስፖርቷን የሚያየው ሰው ምን ብሎ ይጠራታል? ሮሺን የሚለውም ነበር። ትርጉሙ «ትንሿ ጽጌረዳ» ስለሆነ እናቴን ያስታርቅልኝ ነበር፤ ግን በባለቤቴ ዘመዶች ውስጥ ሁለት ሮሺኖች አሉ።

ምን ትመክሩኛላችሁ? በተለይ እዚህ ሀገር ልጅ ያሳደጋችሁ እባካችሁ ጻፉልኝ። ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ብሎኛል።

ቡና ጠጡ

ማርያም በሽልም ታውጣሽ! እኔ አንድ መፈተኛ ብቻ አለኝ፤ ስሙ ላይ «ዬ» ጨምሪበት። ልጅ ስትወድቅ፣ ስትታመም፣ ስትመረቅ የምትጠሪያት በሱ ነው። ኢፋዬ፣ ያምራል። ጽጌዬ፣ ምንም አይወጣለትም። ኒቭዬ ትንሽ ምላስ ይይዛል። ሲርሻዬ ይሄዳል። ሜቭዬ አልወደድኩትም።

የደብሊኗ

እኔ ለኒቭ ነው የምቆመው። የአራት ዓመት ልጄ ኒቭ ናት፤ አንዳንዱ «ኒየቭ» ብሎ ይስባታል፣ ሁለቱም ልክ ነው። «ብሩህ» ማለት ነው። ታሪኩን ባለቤትሽ ነግሮሽ ይሆናል። ኒቭ ባለ ወርቅ ጸጉር በነጭ ፈረስ ከባሕር ማዶ መጥታ ኦሺን የሚባለውን ጀግና ወደ ቲር ና ኖግ፣ ሰው ወደማያረጅበት ምድር ወሰደችው። ሦስት ዓመት የኖረ መሰለው። ሀገሩ ናፈቀውና «እስቲ አይቼ ልምጣ» አላት። ፈረሱን ሰጠችው፤ «እግርህ ግን መሬት እንዳይነካ» አለችው። ሲደርስ ለካ 300 ዓመት አልፏል፤ የሚያውቀው አንድ ሰው የለም። ሰዎች ድንጋይ ሲያነሱ አግዛለሁ ብሎ ሲያጎነብስ ከፈረሱ ወደቀ፣ እዚያው አረጀ።

ይህንን ለልጄ ማታ ማታ ሳነብላት ድምፄ ይቆራረጣል። 11 ዓመት ሙሉ ሀገሬ አልገባሁም። ሰፈሬ ፈርሶ ሕንፃ እንደበቀለበት በስልክ ነው የሰማሁት። ይህ ተረት የነሱ ብቻ አይመስለኝም፤ ስሙንም ለዚህ ነው የመረጥኩት።

ሌላ ሐሳብ ከፈለግሽ ፊያም አለ። በ2021 በመላው አየርላንድ ለሴቶች በብዛት የወጣው ስም እሱ ነበር። ከአጋዘንና ከዱር ጋር የተያያዘ ቃል ነው። ግን በየክፍሉ ሦስት ፊያ ስለሚኖር አስቢበት።

የሁለት ሴቶች አባት

ከሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምጽፈው፤ አየርላንድን አላውቅም። ግን አንድ የሚቆጨኝን ነገር ልንገርሽ። የመጀመሪያ ልጄን «ለፈረንጅ እንዳይከብድ» ብዬ ስም ስመርጥ ጥ፣ ጽ፣ ቅ፣ ጭ ያለባቸውን ሁሉ ሰረዝኩ። አያቷ ያወጡላትን ስምም በዚሁ ምክንያት ተውኩት። ዛሬ 16 ዓመቷ ነው። ባለፈው «አባዬ፣ አያቴ ምን ብለው ነበር ስም ያወጡልኝ?» ብላ ጠየቀችኝ። ነገርኳት። በትክክል ጠራችው፣ ከነጥብቀቱ። ከዚያ «ታዲያ ለምን ከለከልከኝ?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል፤ እኔ ግን በመልአኩና በልጄ መካከል ገባሁ።

የኮርኳ እናት

ልጄ፣ አየርላንድ ከመጣሁ 22 ዓመቴ ነው። ሦስት ልጆች እዚሁ አሳድጌያለሁ። ከላይ ወንድማችን የጻፈው ልቤን ነካኝ፤ እኔም ልጨምርበት።

የኔ ትልቋ ትምህርት ስትጀምር አስተማሪዋ ስም ስትጠራ በር ላይ ቆሜ ሰማሁ። ሺቮን፣ ኪቫ፣ ሳይቭ፣ ግሮኛ እያለች ሳትደናቀፍ ትወርዳለች። የኔ ልጅ ጋ ስትደርስ ቆመች፤ ወረቀቱን ጠጋ አድርጋ አየችው፣ ፈራች። ያኔ አፈርኩ። ማታ ቤቴ ገብቼ ሳስበው ግን ለምን እንዳፈርኩ አጣሁት። እነዚህ ሰዎች እኮ ሳይቭን «ኤስ፣ ኤ፣ ዲ፣ ኤች፣ ቢ፣ ኤች» ብለው ነው የሚጽፉት! ለእንግሊዝ አይመችም ብለው አልቀየሩትም። ቀይሩት የተባለበት ዘመን ነበረ፤ ግሮኛ ግሬስ ተባለች፣ ብሪጅ ብሪጅት ሆነች፣ የመንደሩ ስም ሳይቀር በእንግሊዝኛ አፍ ተጻፈ። ከዚያ ግን ልጅ ልጆቻቸው ስሙን ከነአጻጻፉ መለሱት። አሁን ለንደንም ኒውዮርክም ቢሄዱ ስማቸውን ሰው ይማርላቸዋል እንጂ እነሱ አያሳጥሩም።

በማግስቱ ሄጄ ለአስተማሪዋ የልጄን ስም ሦስቴ ደገምኩላት። በሳምንቱ ከኔ አሳምራ ትጠራት ጀመር። ስለዚህ ልጄ፣ ስለ ጽ አትጨነቂ። ይህ ሕዝብ ስም መማርም ማስተማርም ያውቅበታል። የአይሪሹንም አውጡላት፣ ጽጌንም አትጣይባት። አማትሽ ይማራሉ። አንቺም «ኤ ስቶር» ማለትን ተማሪላቸው፤ ልጅን ሲያቆላምጡ «ሀብቴ» እንደማለት ነው።

ለክርስትናው ድፎውን እኔ እጋግራለሁ፣ ቃሌ ነው።

ከጎልዌይ (ጠያቂ)

እትዬ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ለባለቤቴ አንድ በአንድ ተረጎምኩለት። «ሳይቭ» ላይ ሲደርስ ሳቀ፣ ቀጥሎ ግን ዝም አለ። የራሱ እናት ልጅ ሳሉ ትምህርት ቤት ስማቸው በእንግሊዝኛ ይጻፍ እንደነበር ነገረኝ። እስከ ዛሬ ሳልሰማው የቀረሁት ነገር ነው።

ጽን ልለማመድ ብሏል። እንዴት እንደማስተምረው ግን አላውቅም፤ እኔ እኮ ስናገረው አላስበውም።

ፊደል ወዳድ

የኔ ተራ ደረሰ። ሁለት ነገር።

መጀመሪያ ጽን ስለማስተማር። ከጥ ጀምሪ። ስስ ወረቀት፣ ደረሰኝ ቢሆንም ይበቃል፣ አፉ ፊት በጣት ስፋት ልዩነት ይያዝ። በእንግሊዝኛ «ቲ» ሲል ወረቀቱ ይርገበገባል። ከዚያ ትንፋሹን ጉሮሮው ላይ ቆልፎ፣ በአፉ ውስጥ ባለችው አየር ብቻ «ጥ» ይበል። ወረቀቱ ጸጥ ካለ ተሳክቶለታል። ጥ ከተያዘች በኋላ ያንኑ ቁልፍ ሳይፈታ «ጽ» ይሞክር። ቸኩሎ ከጽ ከጀመረ «ትስ» ይላትና ይቀራል። በቀን አምስት ደቂቃ ይበቃዋል፤ ከዚያ በላይ ጉሮሮ ያደክማል።

ሁለተኛው «‹ቭ›ን ፈልጋችሁ አታገኟትም» ያልሽው ነው። አለች እኮ። የአይሪሽ ባህላዊ ፊደል 18 ብቻ ስለሆነ ‹ቪ› አልነበረችበትም። ‹ቭ› ስትፈለግ ‹ቢ›ን ወይም ‹ኤም›ን ወስደው ከላይዋ ነጥብ ያስቀምጡባት ነበር። በኋላ አጻጻፉ ሲቀየር ነጥቧ ቀረችና በምትኳ ከጎን ‹ኤች› ተጨመረች። ኒቭ መጨረሻ ላይ፣ ኪቫ መሐል ላይ ያሉት ኤምና ኤች ያቺ ባለ ነጥብ ፊደል ናቸው። አሁን የራሳችንን ተመልከቺ፦ በ ላይ መስመር ጣል ስናደርግ ቨ። ከ ላይ ጣል ስናደርግ ኸ። እነሱም ‹ሲ› ላይ ነጥብ ሲያደርጉ የሚያገኙት የኛን ኸ ነው። «ብርሃን» የሚል ትርጉም ያለው ሶርኻ የሚባል የሴት ስም አላቸው፤ እንግሊዞቹ አይችሉትም፣ እናትሽ ግን አንዴ ሰምታ ትደግመዋለች።

ገና አልጨረስኩም። አይሪሽ ውስጥ ‹ኤስ› ከ‹ኢ› ወይም ከ‹አይ› አጠገብ ስትውል ሽ ትሆናለች። ሲርሻ፣ ሮሺን፣ ሺኔድ፣ ሺቮን ሁሉም በዚህ ነው የሚመጡት። እኛስ? በግእዝ ለባሲ የነበረው በአማርኛ ለባሽ ሆነ። ቀመሰ ብለን ቀማሽ፣ ለመነ ብለን ለማኝ እንላለን። ሰን ሸ፣ ነን ኘ ያደረገቻት መጨረሻ ላይ የነበረችው ‹ኢ› ናት። የነሱም ግሮኛ ውስጥ ያለችው ኛ በዚሁ መንገድ የመጣች ናት። በዘር የማይገናኙ ሁለት ቋንቋዎች ምላስ ላይ አንድ ዓይነት ሥራ ሠሩ። እንግዲህ ለልጅሽ አጻጻፉን ስታስተምሪያት ከአማርኛ ፊደል ጀምረሽ አስተምሪያት፤ ከእንግሊዝኛ ከመጀመር ይቀላል።

ሜቭን ለማውጣት ካሰባችሁ ደግሞ ትርጉሙን እወቂ። የኮናክት ንግሥት ስም ነው፤ ስላይጎ ውስጥ ኖክናሬ በሚባለው ተራራ አናት ላይ ያለው ትልቅ የድንጋይ ክምር የሷ መቃብር ነው ይባላል። ቃሉ «የምታሰክር» ማለት ነው፣ ከማር ከሚጠመቀው መጠጥ፣ ከጠጅ ጋር አንድ ሥር አለው።

ቡና ጠጡ

ሜቭን አልወደድኩትም ያልኩትን አንስቻለሁ። የጠጅ ስም ከሆነስ!

ከኔታንያ

ብዙ ጊዜ አንባቢ ብቻ ነኝ፤ ዛሬ ግን ልጻፍ።

ወደ እስራኤል የገባሁት በግንቦት 1991፣ በዘመቻ ሰሎሞን ጊዜ ነው። በሁለት ቀን ውስጥ ከ14,000 በላይ ሰው ነው የተጓዘው። የ9 ዓመት ልጅ ነበርኩ። ከደረስን በኋላ ጠረጴዛ ፊት ተሰለፍን። አንዲት ሴት ስሜን ጠየቀችኝ፣ ነገርኳት። አልሰማችኝም፣ ደገምኩላት። ፈገግ አለችና ሌላ ስም፣ የዕብራይስጥ ስም፣ ጻፈችልኝ። ክፉ ሴት አልነበረችም፤ ከረሜላ ሁሉ ሰጥታኛለች። ከኔ በኋላ ያለችውም ልጅ፣ ከሷም በኋላ ያለው እንዲሁ ሆኑ።

አያቴ ያወጣችልኝ ስም «መጽናኛችን» የሚል ትርጉም ነበረው፤ ከኔ በፊት የሞቱ ወንድሞች ነበሩኝ። ያ ስም እንግዲህ ወግ ነበር፤ ቤተሰባችን ያለፈበትን ሐዘንና ከሐዘኑ በኋላ የሆነውን ይናገራል። በ30 ዓመቴ ሄጄ መታወቂያዬ ላይ አስመለስኩት። ሰነዱን ሲሰጡኝ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ስለዚህ እህቴ፣ አንዳንድ ሰው «ለቤት አንድ፣ ለውጭ አንድ ስም» ብሎ ይመክርሻል። እኔ በሁለት ስም ኖሬ አይቼዋለሁ። አንዱ የሚጠራው ሰው ሲያልቅ ይሞታል። ሁለቱንም የምታወጪላት ከሆነ ሁለቱም ወረቀት ላይ ይስፈሩ፣ ሁለቱም አደባባይ ላይ ይጠሩ።

የደብሊኗ

እያለቀስኩ ነው ያነበብኩት። እግዚአብሔር ያክብርሽ እህቴ።

የመሪጌታ ልጅ

ሰላመ እግዚአብሔር ይብዛላችሁ። ሁላችሁም ስለ ቤት ስም ስትጽፉ የክርስትናው ተረሳ። ሴት ልጅ በ80 ቀኗ ስትጠመቅ ካህኑ ወለተ ማርያም፣ ወለተ ገብርኤል፣ እንደ ዕለቱና እንደ ቅዱሱ ይሰይማታል። ስለዚህ በዚህ በኩል ስጋት አይግባሽ።

ግን አንድ ነገር ላካፍልሽ። የጥንት አይሪሾች በእመቤታችን ስም ልጃቸውን በቀጥታ መጥራት አይደፍሩም ነበር። «ማይል ሙረ» ይሉ ነበር፤ «የማርያም አገልጋይ» ማለት ነው። በ1106 የሞተ አንድ ስመ ጥር ብራና ጸሐፊ በዚህ ስም ይጠራ ነበር። ለጌታም «ማይል ኢሳ»፣ ለቅዱስ ፓትሪክም «ጊላ ፓትሪክ» ይሉ ነበር። ገብረ ማርያም፣ ገብረ ኢየሱስ ማለት አይደለም እንዴ? ዛሬም ቋንቋቸው ውስጥ ለእመቤታችን ሙረ፣ ለሌላዋ ሴት ግን ሞረ ብለው ለይተው ነው የሚጠሩት። ይህን ካወቅሁ በኋላ የባለቤትሽ ሀገር ሰዎች ባዕድ አልመስልህ አሉኝ።

የመውለጃሽ ቀን ጥር መጨረሻ ከሆነ ብሪጊድም ይታሰብ። የኪልዴሯ ቅድስት ብሪጊድ በዓሏ ፌብሩዋሪ 1 ነው፤ ከ2023 ጀምሮ በስሟ ሕዝባዊ በዓል ሆኗል። በኛ አቆጣጠር ጥር 24፣ የአቡነ ተክለ ሃይማኖት ቀን ላይ ይውላል።

የሁለት ሴቶች አባት

ብሪጊድ ቆንጆ ስም ነው። እዚህ አሜሪካ ግን አሳዛኝ ታሪክ አለው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከረሃቡ ሸሽተው የመጡ አይሪሽ ሴቶች በየሀብታሙ ቤት ሠራተኛ ሆነው ሲገቡ፣ ስሟ ማንም ይሁን ማን አሠሪዎቹ «ቢዲ» ብለው ይጠሯት ነበር፤ የብሪጅት ማቆላመጫ ነው። ከማቆላመጫነት ወደ ስድብ ተለወጠና ብዙ ቤተሰብ ስሙን ለልጁ ማውጣት ተወ። ይህን ሳነብ ቤሩትና ዱባይ ያሉ እህቶቻችን ትዝ አሉኝ፤ ስማቸው «ይከብዳል» ተብሎ አሠሪዋ ደስ ያላትን ስም የምትለጥፍባቸው።

የአምቦ ልጅ

ቆይ፣ ይህን ሁሉ ሰው ሲጽፍ ማንም አላስተዋለም? ኢፋ! በኦሮምኛ ኢፋ ማለት ብርሃን ነው። እኔ ርዕሱን ሳይ የኦሮምኛ ስም ነው ብዬ ነው የገባሁት።

ፊደል ወዳድ

እንዴት አመለጠኝ! የአይሪሹም ኢፋ ውበትን፣ የፊት ብርሃንን ከሚገልጽ ቃል ጋር ነው የሚያያዙት። በአጋጣሚ መግጠሙ ነው እንጂ ዝምድና የለውም፤ ቢሆንም እንዲህ ያለ አጋጣሚ በየቀኑ አይገኝም።

የደብሊኗ

ደስ ይላል፤ ግን ሳልናገር ባልፍ ቅር ይለኛል። እዚህ ልጆች ሁሉ የሚያውቁት የሊር ልጆች ተረት ውስጥ ክፉዋ የእንጀራ እናት ስሟ ኢፋ ነው። አራት ልጆችን በቅናት ወደ ዝይ መሳይ ነጭ የውኃ ወፎች ለውጣ 900 ዓመት በሐይቅና በባሕር ላይ ያንከራተተች። ደብሊን ውስጥ በመታሰቢያው የአትክልት ስፍራ ትልቁ ሐውልት የነዚያ ልጆች ነው። ልጅሽ አንደኛ ክፍል ስትገባ ይህን ትሰማለች።

የአምቦ ልጅ

እኔም አንድ ልጨምር፤ በኛ አካባቢ ኢፋ በብዛት የወንድ ስም ነው። ለሴት ኢፍቱ ይባላል። አየርላንድ ውስጥ ግን ማን ይሳሳታል?

የኮርኳ እናት

ኢፋ የሚባሉ ሦስት ሴቶች ጋር ሠርቻለሁ፤ አንድም ሰው የእንጀራ እናቷን አንስቶባቸው አያውቅም። ደግሞ ሌላም ኢፋ አለች፤ ከተረታቸው ጀግና ከኩ ኹለን ጋር የተዋጋች ጦረኛ። ሌላም አለች፤ የሌንስተር ንጉሥ ልጅ፣ በ1170 ወተርፎርድ ላይ ለኖርማኑ ጦር አዛዥ የተዳረች። ደብሊን ብሔራዊ ጋለሪ ብትሄዱ ሠርጓ ግድግዳ የሚያህል ሥዕል ሆኖ ተሰቅሏል፣ ሙሽሪት አንገቷን ደፍታ፣ ዙሪያዋ ሬሳ ተዘርግቶ። ስም አንድ ሰው ብቻ አይሸከመውም። ሄሮድያዳ የሚል ስም ካልሆነ በቀር አትጨነቂ።

አንድ ተጨማሪ ጥቅም ልንገርሽ። ኢፋ ላይ ፋዳ የለም፤ ያቺ አናባቢ ላይ የምትሰመር ጭረት። ሮሺን ላይ አለች፣ ሺኔድ ላይ አለች። አንዳንድ ኮምፒውተር አይቀበላትም፣ ስትቀር ደግሞ ቃሉ ይለወጣል። የወንዱ ሾን ያለ ፋዳ ሲጻፍ «ሽማግሌ» ማለት ይሆናል። እኔ በየቢሮው ስለዚህች ጭረት ስከራከር የሰው ልጅ አሳድጌያለሁ፤ የጎረቤቴን።

ከጎልዌይ (ጠያቂ)

ሁላችሁንም አንብቤያለሁ። የሆነውን ልንገራችሁ።

የአምቦው ወንድማችን የጻፈውን እንዳየሁ ለእናቴ ደወልኩ። የእናቴ እናት የነቀምት ሰው ነበረች፤ እናቴን ያሳደገቻት ግን አዲስ አበባ ነው። እኔ ኦሮምኛ አልችልም፤ እናቴም ከጊዜ ብዛት ረስታዋለች ብዬ ነው የማስበው። «እማዬ፣ ኢፋ የሚለውን ቃል ታውቂዋለሽ?» አልኳት። ዝም አለች። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ «እማዬ?» አልኩ። «እናቴ ማታ ስትጸልይ የምትለው ቃል ነው» አለችኝ። ከዚያ ብቻዋን መናገር ጀመረች፤ አንዱን ቃል ከአንዱ እያያዘች፣ ግማሹን ኦሮምኛ፣ ግማሹን አማርኛ። ሠላሳ አራት ዓመት ልጇ ሆኜ ያንን ድምጿን ሰምቼው አላውቅም።

ስትጨርስ «ጽጌንስ?» አለችኝ። «ጽጌም አለች እማዬ፣ ወረቀት ላይ ትሰፍራለች» አልኳት።

ከኔታንያ

ወረቀት ላይ። ተባረኪ።

ቡና ጠጡ

ኢፋዬ ጽጌዬ። አለቀ።

ከጎልዌይ (ጠያቂ)

ከሰባት ሳምንት በኋላ ተመለስኩ፤ ይቅርታ ለዘገየሁት። በጥር 21፣ በአስተርዮ ማርያም ዕለት፣ ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ላይ ወለድኩ። ከባሕሩ የሚመጣው ነፋስ መስኮቱን ሲደበድብ አድሯል። ሦስት ኪሎ ከሁለት መቶ ግራም፤ ጸጉሯ ጥቁር፣ ጣቶቿ የአባቷ ናቸው።

ስሟ ኢፋ ጽጌ ነው። እዚህ ልደት በሦስት ወር ውስጥ መመዝገብ ስላለበት ባለፈው ሳምንት ሄድን። መዝጋቢዋ ኢፋን ቀና ሳትል ጻፈችው። ጽጌ ላይ ብዕሯን አነሳች። ልናገር አፌን ስከፍት ባለቤቴ ቀደመኝ። ኪሱ ውስጥ ተጣጥፋ የከረመችውን ደረሰኝ አውጥቶ አፉ ፊት ያዘና «ጽ» አላት፤ ወረቀቷ ንቅንቅ አላለችም። ሴትዮዋ ግራ ገብቷት አየችን። እሱ ግን ከልቡ ነበር፤ «እንዲህ ነው የሚባለው» ብሎ ደገመላት። እሷም ሞከረችው።

አማቴ ገና «ሲጌ» ላይ ናቸው። ነገር ግን ‹ጽ›ን በአማርኛ ፊደል ጽፌላቸው ማቀዝቀዣቸው ላይ ለጥፈውታል፤ ሻይ ሲያፈሉ ሲለማመዱ እሰማቸዋለሁ። እናቴ በስልክ ኢፋ ትላታለች፣ አማቴ «ኤ ስቶር» ይሏታል፣ እኔ ሁለቱንም እያቀያየርኩ እጠራታለሁ።

80 ቀኗ ሚያዝያ 10 ነው። የኮርኳ እናት፣ ድፎው የእርስዎ ነው፤ ባለቤቴ በመኪና መጥቶ ይወስድዎታል። ማታውኑ ኮባ ቅጠል የት እንደሚገኝ ጠይቄልዎታለሁ፤ እዚህ ጎልዌይ አንድ የእስያውያን ሱቅ የሙዝ ቅጠል አለው፣ ይሆናል?

የኮርኳ እናት

እልልልል! እንኳን ማርያም ማረችሽ ልጄ። የሙዝ ቅጠል ይሆናል፤ እኔም 22 ዓመት በሱ ነው የጋገርኩት። አራት ቅጠል ግዢ፣ እንዳይቀደድ ተጠንቅቀሽ ያዢው። እርሾውን ይዤ እመጣለሁ።